አጋፋሪ ባልቻ ያላስጨረሰው ቃል

ባልቻ ቤት ስልክ ሲጮኽ ሚስቱ ብርሃነሽ መጀመሪያ የምታነሳው ነጠላዋን ነበር። ጥቁሩን ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል ሳታደርግ እጀታውን አትነካም። ከአገር ቤት ወደዚያ ቤት የሚደወል ስልክ ሁሉ የሞት ስልክ ስለሆነ ልማድ ሆኖባት ነው። "ቤታችን የመርዶ ፖስታ ቤት ሆነ እኮ" ትለዋለች ባሏን። ባልቻ አይቆጣም። እንዲያውም ደስ ይለዋል። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሰውዬው በዚህ ነገር ይኮራ ነበር።

በሥራ ቀን ባልቻ መሀል ቶሮንቶ፣ ከመሬት በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ትኬት ይቀበላል። እዚያ ስሙን የሚያውቅ የለም። ለበዓል፣ ለሠርግና ለለቅሶ ግን የአጋፋሪ ማኅበር አለቃ ነው፤ ዘንጉን ይዞ በር ላይ ሲቆም የማይፈራው ሰው አልነበረም።

አጋፋሪነት የአባት ነው። አባቱ ሰላሌ ውስጥ በአንድ ደጃዝማች ቤት አጋፋሪ ነበሩ። ግብር ሲገባ ቀጭን ዘንግ ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ከቦታው በላይ የተቀመጠውን ሰው በዘንጋቸው ጫፍ ትከሻውን ነካ ያደርጉታል፤ ሰውዬውም ያለ አንድ ቃል ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል። አጋፋሪ ግን የመጨረሻው እንግዳ ሳይቀመጥ አይቀመጥም። ከዚያም በኋላ ቢሆን የቤቱ ባለቤት በአፉ "ተቀመጥ" እስኪለው ድረስ ከበሩ ንቅንቅ የለም። አንድ ቀን ደጃዝማቹ ጠጅ ገፋ አድርገው፣ ረስተዋቸው ተኙ። ሲነጋ ወጥተው በሩ ላይ ቆመው አገኟቸውና "ምነው፣ አልተቀመጥክም እንዴ?" ቢሏቸው፣ "መቼ ተቀመጥ አሉኝ?" አሉ ይባላል። ባልቻ ይህን ታሪክ ለማኅበሩ አባላት ደጋግሞ ስለነገራቸው፣ ገና "አባቴ አንድ ቀን" ሲል እርስ በርሳቸው ይጠቃቀሳሉ።

ማኅበሩ የተቋቋመው ቤተ ክርስቲያናቸው የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተከራይቶ በነበረበት ዘመን ነው። በመጀመሪያው ጥምቀት ሕዝቡ ታቦቱን ለማየት ሲጋፋ የአከራዮቹ በር ከነማጠፊያው ተነቀለ። ቄሱ "ሥርዓት የሚያስይዝ አንድ ሰው ይጥፋ?" ብለው ሲያዝኑ ባልቻ ተነሳ። በሳምንቱ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የሆኪ ዱላ ገዛ። የተቆለመመውን ጫፉን በመጋዝ ቆረጠ፣ በጥቁር ቆዳ ለበጠው፣ ከላይ ከቧንቧ ሠራተኛ ያገኘውን የናስ ቀለበት አጠለቀበት። የማኅበሩ ዘንግ ይህ ነው። የሆኪ ዱላ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም።

አቀማመጡ ግን መከራ ነበር። አገር ቤት ኮሎኔል የነበረው ሰውዬ ቶሮንቶ ውስጥ ሳህን ያጥባል፤ የዚሁ ኮሎኔል ሹፌር የነበረው ደግሞ ግሮሰሪ ከፍቷል። ማንን ከማን በላይ ያስቀምጥ? ባልቻ ብዙ አወጣ፣ ብዙ አወረደ፣ በመጨረሻ በዕድሜ ይሁን ብሎ ተገላገለ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ወይዛዝርቱ ሁሉ ዕድሜያቸው እንዳይታወቅ ከልጆቹ ጋር ከበር አጠገብ ካልተቀመጥን ይሉት ጀመር።

መርዶ ወደ ማኅበሩ እጅ የገባው በዓለማየሁ ጣቶች ምክንያት ነው። ዓለማየሁ ሬክስዴል ውስጥ ፕላስቲክ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን አለቃው "ስልክ ይፈልግሃል" ብሎ ጠራው፤ ከአገር ቤት ነው፣ አባቱ ሞተዋል። ማንም እጁን የያዘው፣ ማንም "አይዞህ" ያለው ሰው አልነበረም። እንባውን ጠርጎ ወደ ማሽኑ ተመለሰ፤ ማሽኑም ሦስት ጣቱን ወሰደ። ባልቻ ሆስፒታል ሊጠይቀው ሄዶ የተጠቀለለውን እጅ አየና፣ "ከእንግዲህ በዚህ ከተማ አንድ ሐበሻ መርዶውን ብቻውን አይሰማም" አለ። እንዳለውም አደረገ። የቤቱ ስልክ ቁጥር አዲስ አበባ ድረስ ተሰራጨ። ሰው ሲሞት ዘመድ ለባልቻ ይደውላል፤ ባልቻ አባላቱን ይሰበስባል፤ ሁሉም ከሥራ ነጻ በሚሆኑበት ማለዳ ሄደው በሩን በዘንጉ ሦስት ጊዜ ይመታሉ። እስከዚያ ድረስ ዘመድ የሞተበት ሰው ከስልክ ይጠበቃል፤ ወሬው ከአፍ አምልጦ እንዳይደርሰው አብሮት የሚኖር ሰው ሽቦውን ይነቅላል። ይህ ሁሉ ደግ ሥራ ነበር። ማንም ሌላ ሊለው አይችልም።

ባልቻ ከዚህ ላይ የራሱን አንድ ወግ ጨመረ። የሚደውልለትን ሰው ክፉውን ቃል አያስወጣውም። ደዋዩ "እናቴ" ወይም "ወንድሜ" ብሎ ሲጀምር፣ "ገባኝ ልጄ፣ አትጨርሰው" ይለዋል። ሐዘንተኛን ቃሉን ማስጨረስ ለእሱ ቁስል እንደ መንካት ነው። ሰው ሁሉ ይህን ጨዋነቱን ያደንቅለት ነበር፤ ውዳሴ ሲበዛ ደግሞ ሰውን ጆሮ ያሳጣዋል።

ኅዳር ወር ውስጥ፣ የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ረቡዕ ጠዋት፣ ባልቻ ወደ ሥራ ሊወጣ ጫማውን ሲያጠልቅ ስልኩ ጮኸ። ብርሃነሽ ነጠላዋን ደርባ አነሳች፣ አዳመጠች፣ ለባሏ አቀበለችው።

ደዋዩ ዘርይሁን ነበር፣ የጸሐይወርቅ ወንድም። ጸሐይወርቅ አየር ማረፊያው አጠገብ ለአውሮፕላን ምግብ የምታሽግ፣ ሠላሳዎቹን የጀመረች ሴት ናት። ያን ሰሞን ከኢስት ዮርክ ወደ ሬክስዴል ቤት ቀይራ ነበር፤ አዲሱ ቁጥሯ ለወንድሟ ገና አልደረሰውም። ዘርይሁን አሮጌውን ሞክሮ እንቢ ሲለው፣ ቶሮንቶ ዘመድ ያለው ሁሉ የሚያውቀውን የባልቻን ቁጥር ደወለ።

"ጋሼ ባልቻ፣ ዘርይሁን ነኝ፣ የጸሐይወርቅ ወንድም። ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ። እናታችን…"

"ገባኝ ልጄ። አትጨርሰው።"

"አይ፣ ሐኪሞቹ…"

"ሐኪም ምን ያድርግ፣ የእግዜር ሥራ ነው። በርታ። ለእህትህ በወጉ ይነገራታል።"

"እባክዎ ቶሎ ይንገሩልኝ፣ እንድትደውል…"

"ለእሱ እኔ አለሁ። አንተ ገንዘብ አትጨርስ" አለና ባልቻ ስልኩን አስቀመጠ።

የጸሐይወርቅ እናት ወይዘሮ አዲስአለም ግን አልሞቱም ነበር። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የምናደርገው የለም፣ ቤቷ ውሰዷት ብለው ስለመለሷቸው፣ አልጋቸው ላይ ሆነው "የጸሐይን ድምፅ አሰሙኝ" ይሉ ነበር። ሰውነታቸው እንጂ አእምሯቸው አልደከመም። ጸሐይወርቅ ዓርብ ዓርብ የምትደውልበት የጎረቤት ስልክ በረጅም ሽቦ አጥር ተሻግሮ ራስጌያቸው ተቀምጧል። ዘርይሁን ከቴሌ ተመልሶ "ተነግሯታል እማዬ፣ ትደውላለች" አላቸው። እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ስልኩ አዙረው ይጠብቁ ጀመር።

ባልቻ በዚያው ቀን ለአባላቱ ተናገረ። ቅዳሜ ማለዳ እንዲሆን ተቆረጠ። ከጸሐይወርቅ ጋር ቤት የምትጋራው ውቢትም የስልኩን ሽቦ ነቅላ "የስልኩ ካምፓኒ ነው የዘጋው" እንድትል ታዘዘች፤ እንደታዘዘችውም አደረገች።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ፣ አዲስ አበባ በመሸበት ሰዓት፣ ጸሐይወርቅ የስልክ ካርድ ይዛ የባልቻን በር አንኳኳች። ባልቻ የዕረፍት ቀኑ ነበር። ብርሃነሽ ድምፅዋን ስትሰማ ጥቁሩን ነጠላ ስልኩ ላይ ጣል አድርጋ ኩሽና ገባች።

"ጋሼ፣ ሥራ ልገባ ስል ነው የመጣሁት። የቤቴን ስልክ ዲስኮኔክት አድርገውታል፤ ውቢት ኮል አደርጋለሁ ብላ እስካሁን አላደረገችም። ከእናንተ ጋ ልደውል? ዓርብ ካልደወልኩ እማዬ አትተኛም" አለችው።

"የእኛም ተበላሽቷል" አለ ባልቻ። በሩን እንደያዘ ነው፤ ግቢ አላላትም።

"እንግዲያው ከታች ካለው የሕዝብ ስልክ ልሞክር።"

ባልቻ ዓለማየሁን አሰበ። የተጠቀለለው እጅ ዓይኑ ላይ መጣበት። ይህች ልጅ በዚህ ብርድ፣ አላፊ አግዳሚው መሀል፣ እናትሽ ሞታለች የሚል ቃል በጆሮዋ ልትቀበል ነው።

"ተይ፣ ሺፍት ይረፍድብሻል። ካርዱን ስጪኝ። ነገ ጠዋት እኔ ራሴ ቤትሽ መጥቼ አስደውልሻለሁ" አላት።

ጸሐይወርቅ ጥቂት አመነታች። ከዚያ ካርዱን በሁለት እጇ ሰጠችው፤ ባልቻን የማያምን ማን አለ? "ስለ አዲሱ ቤት ልነግራት ነበር፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። እሺ፣ ነገ ይሁን" አለች። ሊፍቱ ሲመጣ ዞር ብላ፣ "እንዳይረሱ ጋሼ" አለችው።

ብርሃነሽ ከኩሽና ወጣች። "ልጁ በአፉ ሞተች ብሎሃል?" ስትል ጠየቀችው።

"አላስጨረስኩትም። መቼ አስጨርሼ አውቃለሁ?"

"ብትጠይቀው ምን ነበረበት?"

"ለቀባሪው አረዱት አሉ" ብሎ ሳቀባት፤ ካርዱንም ኮቱ ኪስ ከተተ። ብርሃነሽ አልሳቀችም። ነጠላዋን ከስልኩ ላይ አንስታ አጠፈችው።

ቅዳሜ ማለዳ ስምንት ሆነው ሬክስዴል ሄዱ። ባልቻ በሩን ሦስት ጊዜ መታ። ውቢት ከፈተች። ጸሐይወርቅ ከመኝታ ክፍሏ በሌሊት ልብሷ ወጥታ "ጋሼ፣ ለስልኩ ነው? በማለዳ…" ብላ ጀመረችና ዘንጉን አየች። ከኋላው ሰባት ወንዶች ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። ምንም መናገር አላስፈለገም፤ የማኅበሩ መርዶ እንዲህ ነው። ወለሉ ላይ ወድቃ፣ ጮኻ ጮኻ ድምፅዋ ሲዘጋ፣ ስትደጋግም የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ትናንት ልደውልላት ነበር እኮ። ትናንት ልደውልላት ነበር።" ባልቻ በሩ ላይ ቆሞ ይህን ይሰማል። ካርዱ ኪሱ ውስጥ ነው።

ፍራሽ ተነጠፈ፣ ለቀስተኛው መምጣት ጀመረ። የሚያጽናና ሰው እንዲደውል ውቢት ሽቦውን መልሳ ሰካች። በለቅሶ ቤት ስልክ የሚያነሳው አጋፋሪው ነው። ረፋዱ ላይ ጮኸና ባልቻ አነሳ።

"ጋሼ ባልቻ ነዎት? ቁጥሩን ከባለቤትዎ ተቀብዬ ነው። ዘርይሁን ነኝ። ቀብረን ገና መመለሳችን ነው።"

ባልቻ ጀርባውን ለሰዉ ሰጠ። "ዛሬ ነው የቀበራችሁት?" አለ ቀስ ብሎ። አገር ቤት ሬሳ እንዲህ ሰንብቶ አያውቅም።

"ትናንት ማታ ነዋ ያረፈችው። እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል። ጋሼ፣ ጸሐይ ለምን አልደወለችም? በወጉ ይነገራታል ብለውኝ የለ? ስልኩን ራስጌዋ አድርገንላት ነበር። ለጎረቤት በተደወለ ቁጥር 'እሷ ናት፣ አቀብሉኝ' ትላለች። መጨረሻ ላይ እጀታውን አስይዙኝ አለች፤ ይዛው ነው የሄደችው።"

በዚህ ጊዜ ባልቻ አላቋረጠውም። ዘርይሁን ሁሉንም፣ እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ፣ ተናገረ። ከዚያ እህቴን አገናኙኝ ሲል ባልቻ "ሰው ከቧታል፣ ኋላ ትደውልልሃለች" አለው። ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ በሩን ዘጋባት። የለመደ እጅ ነው።

ዓለማየሁን ጠርቶ ደረጃው ጋ አወጣውና ነገረው። ዓለማየሁ ሁለት ጣት በቀረው እጁ የባልቻን ክንድ ያዘ።

"ሞተዋል አይደል? መሞታቸው አልቀረ። ሁለት ጊዜ ታልቅስ ነው የምትለው?"

"ወንድሟ ይነግራታል።"

"ለእሱ እኔ እደውልለታለሁ። ለእህትህ ብለህ ዋጠው እለዋለሁ፤ እሺ ይላል። ባልቻ፣ ይህ ከወጣ ማን ለማኅበሩ ይደውላል? ነገ ደግሞ አንዱ መርዶውን በፋብሪካ ስልክ ሰምቶ እጁን ማሽን ይበላዋል። እኔን እየኝ።"

ዓለማየሁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ያለውም ውሸት አልነበረም። እንደተባባሉት ደወለ፣ ዘርይሁንም እያለቀሰ እሺ አለ። ነገሩ በዚያው ሊቀበር ይችል ነበር። ባልቻ ግን ቅዳሜንም እሑድንም በሩ ላይ ቆሞ ያቺን ልጅ ሲሰማ ዋለ። አንዷ አጽናኝ መጥታ "ደግነቱ ሳይሰቃዩ ነው ያረፉት" ስትላት፣ "እኔን አልጠራችኝም? ምንም አላለችም?" ትላለች። ሁሉም ወደ ባልቻ ያያል፤ የሚያውቀው እሱ ነዋ። ባልቻ ወለሉን ያያል። ማታ ቤቱ ሲገባ ብርሃነሽ ምንም አልጠየቀችውም። የጠየቀችውን አንዴ ጠይቃዋለች።

በሠልስቱ፣ ሰኞ ማለዳ፣ ለማንም ሳይናገር ዘንጉን ይዞ ብቻውን ሬክስዴል ሄደ። በሩን ሦስት ጊዜ መታ። ውቢት ከፍታ ዘንጉን ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጸሐይወርቅ ፍራሹ ላይ ብድግ አለች።

"ዘርይሁን ነው?" አለች።

"ወንድምሽ ደህና ነው።"

"ታዲያ የማንን መርዶ ይዘው መጡ?"

"የእናትሽን።"

ሽማግሌው የሳተ መሰላት። ባልቻ ዘንጉን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ።

"ረቡዕ ወንድምሽ ሲደውልልኝ፣ እናትሽ…" አለና ቆመ።

ስንቱን ሰው ከዚህ ቃል አድኖ ነበር። አሁን የሚያድነው ሰው ፈለገ፤ አንዲት "ገባኝ፣ ይተዉት" የምትል ቃል ፈለገ። ጸሐይወርቅ ፊቱን እያየች ነው። ትንሽ ትንሽ እየገባት ሲሄድ ዓይኗ ላይ ታየ፤ ረቡዕ፣ የተነቀለው ሽቦ፣ የዓርቡ በር። ውቢት አንገቷን ደፍታ ማልቀስ ጀመረች።

"ይጨርሱት" አለችው ጸሐይወርቅ።

"እናትሽ በሕይወት ነበሩ። ታመው ነበር። ድምፅሽን ልስማ ብለው ነው ያስደወሉት። ልጁን አላስጨረስኩትም፤ ሞተዋል ብዬ ነው። ዓርብ ደጄ ቆመሽ ሳለ ነፍስ ነበራቸው፣ ስልኩን ይዘው ይጠብቁሽ ነበር። ስልኬም አልተበላሸም" አለ ባልቻ። ጨረሰው።

ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ፍራሹ ጫፍ ላይ አኖረላት። ወደ በሩም ተመልሶ ቆመ።

ጸሐይወርቅ አልጮኸችም። ካርዱን አንስታ ግራና ቀኙን አገላብጣ አየችው። ስልኩን ወደ ራሷ ጎትታ ቁጥሩን ቀስ ብላ መታች። "ዘርዬ፣ እኔ ነኝ። ከረቡዕ ጀምረህ ንገረኝ። አንድም ሳታስቀር" አለች፤ ጀርባዋንም ለበሩ ሰጥታ ማዳመጥ ጀመረች። ካርዱ እስኪያልቅ አዳመጠች። ካለቀም በኋላ እጀታውን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆየች።

ለቀስተኛው ገባ፣ ተቀመጠ። ውቢት ባልቻን አዝናለት ወንበር አመጣችለት፤ እሱ ግን የለቅሶው ባለቤት አይደለሽም በሚል ዓይን አይቶ መለሳት። እኩለ ቀን ሆነ፣ ምሳ ቀረበ፣ ሰው በላ። ጸሐይወርቅ አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብላ፣ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ "ይቀመጡ" የሚለውን ያን ቃል ከአፏ ጠበቀ። እሷ ፊቷን ወደ ስልኩ መለሰች፤ ባልቻም በሩ ላይ ቆመ።